ትናንቱን የማይረሳ ሁከት

ስለ ኳንተም ኮምፒዩተር የሚወጣ ዜና አንድ ልማድ አለው፤ ኪዩቢት ይቆጥራል። እ.ኤ.አ. በ2019 የጉግል ተመራማሪዎች በ53 ኪዩቢት፣ በ2023 የአይ.ቢ.ኤም. ተመራማሪዎች በ127 ኪዩቢት፣ በ2024 ደግሞ እንደገና ጉግሎች በ105 ኪዩቢት የሠሩትን ይዘው ቀርበዋል። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ትንሽ ጠለቅ ብሎ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ሁለተኛ ቁጥር ይጨምራል፤ መሣሪያው ከስንት ሥራ አንዱን ይሳሳታል የሚለውን። እኛ ግን ሦስተኛ ጥያቄ ተዘንግቷል ባዮች ነን። ስህተቱን የሚያመጣው ሁከት ያለፈውን ያስታውሳል ወይስ ይረሳል? ጥያቄው ሲሰሙት ፍልስፍና ቢመስልም ቁርጥ ያለ የሂሳብ ትርጉም አለው። እንደ መልሱም አማካይ ስህተታቸው እኩል ከሆነ ሁለት መሣሪያዎች አንዱ ከሌላው በብዙ መቶ እጥፍ የባሰ ሊሆን ይችላል።

ነገሩን ከመነሻው እንያዘው። የተለመደው ኮምፒዩተር ቢት 0 ወይም 1 ነው። ኪዩቢት ግን የ0 እና የ1 ድርብርብ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። በዚህ ድርብርብ ውስጥ ሁለቱ እንደ ሁለት ሞገዶች ስለሚሆኑ፣ አንዱ ከሌላው ምን ያህል እንደቀደመ ወይም እንደዘገየ የሚናገረው መጠን፣ ፊዚክስ ፌዝ የሚለው፣ የስሌቱ ዋና ተሸካሚ ነው። ይህን ፌዝ የሚያስት ነገር ደግሞ ብዙ ነው። በአካባቢው ያለው መግነጢሳዊ መስክ በጥቂቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ በመሣሪያው ቁስ ውስጥ የተሸሸገ ጉድለት ቦታ ይለውጣል፤ ኪዩቢቱን የሚያዘው የማይክሮዌቭ ምልክት ከልኩ ያልፋል። ይህን ሁሉ ባንድነት ሁከት እንለዋለን።

አብዛኛው የመማሪያ መጽሐፍ ሁከትን እንደ ሳንቲም ውርወራ አድርጎ ያቀርበዋል። ሳንቲም አሥር ጊዜ ተከታትሎ ዘውድ ቢወጣም በአሥራ አንደኛው ጎፈር የመውጣቱ ዕድል ያው ግማሽ ነው፤ ሳንቲሙ ያለፈውን አያውቅምና። ከሳንቲሙ አንድ ደረጃ አልፎ የሄደው ሩሲያዊው የሂሳብ ሊቅ አንድሬይ ማርኮቭ ነበር። በ1913 የፑሽኪንን «የቭጌኒ ኦኔጊን» 20,000 ፊደላት በእጁ እየቆጠረ፣ ከአናባቢ በኋላ አናባቢ፣ ከተነባቢ በኋላ አናባቢ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ መዘገበ። ቀጣዩ ፊደል ከፊቱ ካለው ፊደል ጋር የተሳሰረ መሆኑን በቁጥር አሳየ። (በእኛ ፊደል ተነባቢውና አናባቢው በአንድ ሆሄ ስለሚጻፉ፣ ማርኮቭ የአማርኛ መጽሐፍ ይዞ ቢሆን ኖሮ ሆሄያቱን አስቀድሞ መነጣጠል በተገባው ነበር።) በስሙ የተጠራው ሰንሰለት ሐሳቡ ይህ ነው፤ ነገ የሚሆነውን ለመገመት ዛሬን ማወቅ ይበቃል፤ ወደ ዛሬ በየት በኩል እንደመጣን ማወቅ አይጨምርልንም።

የኳንተም ፊዚክስ ሰዎች ይህን ስም ለሁከት ወሰዱት። አካባቢው ከኪዩቢቱ የወሰደውን መረጃ ወዲያው ጥሎ ከረሳው ሁከቱ ማርኮቫዊ ነው ይላሉ፤ እኛ እዚህ ዝንጉ ሁከት እንበለው። አካባቢው የወሰደውን ይዞ ቆይቶ በኋላ መልሶ ኪዩቢቱ ላይ የሚጽፍበት ከሆነ ግን ሁከቱ ትውስታ አለው። በ1976 ሊንድብላድ በአንድ በኩል፣ ጎሪኒ፣ ኮሳኮውስኪና ሱዳርሻን በሌላ በኩል የዝንጉ ሁከትን እኩልታ አጠቃላይ ቅርጽ ጽፈዋል። እኩልታው ውብ ነው፤ በእርሱ ላይ ቅሬታ የለንም። ቅሬታችን በአስተማሪዎች ላይ፣ ማለትም በራሳችንም ላይ ነው። «አካባቢው ወዲያው ይረሳል» የሚለውን ቅድመ ሁኔታ በአንድ መሥመር አልፈነው እኩልታውን ለሦስት ሳምንት እናስተምራለን፤ ተማሪውም ሁከት ማለት እርሱ ብቻ ነው ብሎ ይወጣል።

በእውነተኛው መሣሪያ ውስጥ ግን ትውስታው ከየት ይመጣል? ብዙዎቹ የዛሬ ኪዩቢቶች ለፍጹም ዜሮ በቀረበ ቅዝቃዜ የሚሠሩ የአሉሚኒየም ዑደቶች ናቸው፤ በልባቸው ውስጥም እጅግ ስስ የሆነ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ንጣፍ አለ። ይህ ንጣፍ እንደ መስታወት ነው፤ አቶሞቹ ሥርዓት ባለው መደዳ አልተሰለፉም። በ1972 አንደርሰን፣ ሃልፐሪንና ቫርማ፣ ከእነርሱ ተለይቶም ፊሊፕስ፣ እንዲህ ባለ ቁስ ውስጥ አንዳንድ አቶሞች በሁለት ቦታዎች መካከል ሊመላለሱ እንደሚችሉ ጽፈው ነበር። ያን ጊዜ ጉዳዩ የመስታወት ሙቀት አያያዝ ነበር፤ ኳንተም ኮምፒዩተር በማንም ሐሳብ አልነበረም። ዛሬ እነዚህ ባለ ሁለት ቦታ ጉድለቶች የመስኩ ዋና ራስ ምታት ሆነዋል። የአንዱ ጉድለት ድግግሞሽ ከኪዩቢቱ ድግግሞሽ ጋር ሲገጥም ጉልበት ከኪዩቢቱ ወደ ጉድለቱ ይሄዳል፤ አንዳንዴም ተመልሶ ይመጣል። ይህ መመለስ ነው ትውስታ ማለት። ሌሎቹ ጉድለቶች ደግሞ በሰከንድ፣ በደቂቃ፣ በሰዓት አንድ ጊዜ እየዘለሉ የኪዩቢቱን ጠባይ ቀስ በቀስ ያንሸራትቱታል።

ሌሎች ምንጮችም አሉ። ኪዩቢቱ 0 እና 1 ብቻ ይሁን ብንልም ዑደቱ 2 የሚባል ደረጃም አለው፤ አንዳንዴ ወደዚያ ይሾልክና ለብዙ ዙር እዚያው ይቀመጣል። እዚያ እስካለ ድረስ ጎረቤቶቹን ሁሉ ያሳስታል። ከሰማይ የሚመጣ የኮስሚክ ጨረርም ቺፑን ሲመታ ብዙ ኪዩቢቶች ባንድ ጊዜ ለሚሊ ሰከንዶች እንደሚታወኩ የጉግል ተመራማሪዎች በሙከራ አሳይተዋል። ሚሊ ሰከንድ አጭር ይመስላል፤ አንዱ የእርማት ዙር አንድ ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ለሚወስድበት መሣሪያ ግን በሺህ የሚቆጠር ዙር ነው።

እስካሁን ትውስታን የከሰስነው ይመስላል። ነገር ግን ትውስታ ያለው ጠላት ልማዱ የሚታወቅ ጠላት ነውና ከዝንጉው ይልቅ ለመከላከል ይመቻል። ማለዳ ከመስቀል አደባባይ ተነሥተው በአንድ ቀጥ ያለ ጎዳና የሚሮጡ ሁለት ወጣቶችን እናስብ። አንዱ በሰከንድ 4 ሜትር፣ ሌላው 5 ሜትር ይሮጣል። ከ60 ሰከንድ በኋላ የመጀመሪያው 240፣ ሁለተኛው 300 ሜትር ላይ ናቸው፤ ከሩቅ ለሚያያቸው ሰው አብረው መነሣታቸው የጠፋ ታሪክ ይመስላል። በዚህች ቅጽበት አሠልጣኙ ፊሽካ ነፍቶ «ተመለሱ!» ቢላቸውና ሁለቱም ፍጥነታቸውን ባይለውጡ፣ በ120ኛው ሰከንድ እኩል መነሻው መሥመር ላይ ይደርሳሉ። አሠልጣኙ የአንዳቸውንም ፍጥነት ማወቅ አላስፈለገውም።

አሜሪካዊው ፊዚሲስት ኧርዊን ሃን በ1950 ያሳተመው ግኝት ይኸው ነበር፤ የእርሱ ሯጮች ግን የአቶም እምብርቶች ነበሩ። ለናሙናው ሁለት የሬዲዮ ሞገድ ምት ሰጥቶ ሲጠብቅ፣ ማንም ያልላከው ሦስተኛ ምልክት ከናሙናው ተመልሶ መጣ። የስፒን ገደል ማሚቶ ተባለ። ተበታትኖ የጠፋ የሚመስለው ሥርዓት አልጠፋም ነበር፤ በእያንዳንዱ እምብርት ፍጥነት ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ዛሬ በሆስፒታል የሚደረጉ ብዙ የኤም.አር.አይ. ምርመራዎች ይህንኑ ማሚቶ ይጠቀማሉ።

አሁን ግን ሁለተኛው ሯጭ በመመለሻው 30 ሰከንድ ከሮጠ በኋላ ደክሞት ወደ 4 ሜትር ቢወርድስ? 150 እና 120 ተደምሮ 270 ሜትር ብቻ ይመለሳል፤ ከመሥመሩ 30 ሜትር ይቀረዋል። ፊሽካው የሚሠራው ሯጩ ሲሄድ የነበረው ፍጥነት ሲመለስም ካልተለየው ነው፤ ማለትም ሁከቱ ትውስታ ካለው ነው። ፍጥነቱን በየቅጽበቱ በሳንቲም ለሚወስን ሯጭ ፊሽካ ምንም አይፈይድለትም። ከዚህ ጽሑፍ አንባቢ አንድ ነገር ብቻ ይዞ ቢሄድ ይህ ይሁን የምንለው እዚህ ጋ ነው። ዝንጉ ሁከትን ለመቋቋም ውድ የሆነው የስህተት እርማት ግድ ይላል፤ ትውስታ ያለውን ሁከት ግን አንድም ተጨማሪ ኪዩቢት ሳንጠቀም በምት አቀማመጥ ብቻ በከፊል ልናጠፋው እንችላለን።

ሯጩ ፍጥነቱን ቀስ ብሎ የሚለውጥ ከሆነስ? ፊሽካውን ማብዛት ነው። ካርና ፐርስል በ1954 ይህንኑ አደረጉ፤ ሜይቡምና ጊል በ1958 ምቶቹ ራሳቸው ፍጹም ባለመሆናቸው የሚጠራቀመውን ስህተት የሚቀንስ ማሻሻያ ጨመሩበት። በ1998 ሎሬንዛ ቪዮላና ሴት ሎይድ ሐሳቡን ወደ ኳንተም ኮምፒዩተር አመጡት፤ ኪዩቢቱን በተከታታይ ምት ከአካባቢው መነጠል ይቻላል አሉ። በ2009 በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም እነ ቢርኩክ በቤሪሊየም አዮኖች ላይ እንዳሳዩት፣ የምቶቹ መካከል ያለው ርቀት እኩል መሆን የለበትም፤ ከሁከቱ ጠባይ ጋር ማስማማት ይቻላል። ፊሽካው ጆሮም ይሆናል። የምቶቹን ርቀት እየለዋወጥን ኪዩቢቱ ምን ያህል እንደቆየ ብንለካ፣ ሁከቱ በየትኛው ድግግሞሽ እንደሚበረታ እናውቃለን፤ በ2011 በኤም.አይ.ቲ. የተሠራ ሙከራ የአንድን የሱፐርኮንዳክተር ኪዩቢት ሁከት እንዲህ አድርጎ አድምጧል።

እንግዲህ ትውስታ ይህን ያህል የሚጠቅም ከሆነ፣ ችላ ሲባል የሚያደርሰው ጉዳትስ ስንት ነው? የስህተት እርማት መሠረቱ ድግግሞሽ ነውና ቀላል ስሌት እንሥራ። አንድን ምርመራ ሦስት ዙር አድርገን በብዙኃኑ ድምፅ እንወስን። እያንዳንዱ ዙር ከ1000 አንድ ጊዜ የመሳሳት ዕድል ቢኖረውና ስህተቶቹ ዝንጉ ቢሆኑ፣ ውሳኔያችን የሚበላሸው ከሦስቱ ሁለቱ ሲሳሳቱ ነው፤ ዕድሉም ከሚሊዮን 3 ገደማ ነው። አሁን ደግሞ ስህተት አንዴ ከመጣ ሦስት ዙር የሚቆይ ይሁን፤ አማካዩ ግን አይለወጥ። እንግዲያው አዲስ ስህተት የሚጀምረው በ3000 ዙር አንድ ጊዜ ነው። ከሦስቱ ዙሮቻችን ቢያንስ ሁለቱን ለመሸፈን ስህተቱ ሊጀምርባቸው የሚችሉ ሦስት ቦታዎች አሉ፤ 3 ከ3000 ማለት ከ1000 አንድ ነው። ከሚሊዮን 3 የነበረው ከሚሊዮን 1000 ሆነ። መደጋገሙ ምንም አልጠቀመንም። አማካዩን ብቻ የጻፈ ሪፖርት ግን ሁለቱን መሣሪያዎች እኩል ናቸው ብሎ ያልፋል።

ይህ ሥጋት አዲስ አይደለም። የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የሂሳብ ሊቅ ጊል ካላይ የኳንተም ስህተቶች እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ ስለሚሆኑ እርማቱ አይሳካም ብሎ ለዓመታት ተከራክሯል። በሌላው ወገን በ2005 ተርሃልና ቡርካርድ፣ በ2006 አሃሮኖቭ፣ ኪታዬቭና ፕሬስኪል ትውስታና ትስስር ያለው ሁከት ቢኖርም፣ ኪዩቢቶቹ ከአካባቢው ጋር ያላቸው ትስስር በቂ ደካማ ከሆነና በርቀት እየሳሳ ከሄደ እርማቱ እንደሚሠራ በቲዎረም አረጋግጠዋል። እኛ ከቲዎረሞቹ ጋር ነን፤ ነገር ግን ቲዎረሞቹን እንደ ማደንዘዣ ከሚጠቅሷቸው ጋር አይደለንም። «በቂ ደካማ» የሚለው ቃል በዝንጉ ሁከት ከሚጠየቀው እጅግ የጠበቀ ነው። መሣሪያው ያን ያሟላ እንደሆነ ቲዎረሙ አይነግረንም፤ ለክቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

የ2024ቱ የጉግል ሥራ በዚህ ረገድ ምሳሌ የሚሆን ነው፤ ምሳሌነቱ ግን ዜናዎች ባወሩለት በኩል ብቻ አይደለም። የእርማቱ ኮድ አንድ ደረጃ ባደገ ቁጥር ስህተቱ በ2.14 እጥፍ ቀነሰ፤ ይህ ትልቅ ድል ነው፤ ሊደነቅ ይገባል። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ግን ተመራማሪዎቹ ቀለል ያለ ኮድ በጣም አሳድገው ሲሞክሩ በሰዓት አንድ ጊዜ ገደማ፣ ማለትም በ3 ቢሊዮን ዙር አንድ ጊዜ፣ ብዙ ኪዩቢቶችን ባንድነት የሚያጠቃ የተሳሰረ ስህተት ወሰን እንደሆነባቸው ገልጸዋል። ይህን ደብቀው ማለፍ ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም። በእኛ አስተያየት የጽሑፉ ክብር ከ2.14 ይልቅ በዚህ ቁጥር ላይ ነው። በቀን ብዙ ሰዓት መሮጥ ያለበት ስሌት በሰዓት አንድ ጊዜ የሚወድቅ ከሆነ፣ ቀጣዩ ሥራ የት እንዳለ ያሳየናልና።

ሙሉ እርማት እስኪደርስ ስህተትን በማለዘብ የሚሠሩትም ከዚህ ጉዳይ አያመልጡም። አንዱ የማለዘቢያ ዘዴ ሁከቱን ሆን ብሎ ከፍ እያደረጉ መለካት፣ ከዚያም ግራፉን ወደ ኋላ ስቦ ሁከቱ ዜሮ ቢሆን መልሱ ስንት ይሆን እንደነበር መገመት ነው። የአይ.ቢ.ኤም. የ2023 ሥራ በዚህ ዘዴ የተሠራ ነበር፤ ጽሑፉ በወጣ በሳምንታት ውስጥ ሌሎች ቡድኖች ያንኑ መልስ በተለመደ ኮምፒዩተር ማግኘታቸውንም ሳንጠቅስ አናልፍም። ዘዴው የሚቆመው ግን በልኬቱ ሁሉ ሁከቱ ያው ከሆነ ነው። ጠዋት የተጠና ሁከት ከሰዓት በኋላ አንድ ጉድለት ዘልሎ ሌላ ከሆነ፣ የምንስበው መሥመር ትክክለኛ መስሎ የተሳሳተ ቦታ ያደርሰናል። የዚያው ኩባንያ ተመራማሪዎች በ2024 ይህን አምነው፣ በኪዩቢቶቹና በጉድለቶቹ መካከል ያለውን መስተጋብር በመቆጣጠር ሁከቱን ወደ ማረጋጋት ሄደዋል።

መለኪያውስ አለ ወይ ለሚለን፣ አለ። በ2018 ፖሎክ፣ ሞዲና ባልደረቦቻቸው አንድን የኳንተም ሂደት በብዙ የጊዜ ነጥቦች ላይ ባንድነት የሚገልጽ የሂሳብ ዕቃ አቀረቡ፤ የሂደት ቴንሰር ይባላል። ዝንጉነት ማለት ምን እንደሆነም በእርሱ አማካይነት በሙከራ ሊፈተን የሚችል ትርጉም አገኘ። በ2020 ዋይትና ባልደረቦቹ በአይ.ቢ.ኤም. መሣሪያዎች ላይ ሞክረውት፣ ትውስታውን መለካት ብቻ ሳይሆን በመለካቱ ኪዩቢቱን የተሻለ መቆጣጠር እንደሚቻል አሳዩ። ጉድለቱ ዋጋው ነው፤ የጊዜ ነጥቦቹ በጨመሩ ቁጥር የሚያስፈልጉት ልኬቶች በኤክስፖኔንሻል ያድጋሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተ ሙከራ ሙሉውን ቴንሰር ያቅርብ አንልም። ቢያንስ ግን አማካይ ስህተት በተጻፈበት ሠንጠረዥ ላይ ሌላ ዓምድ ይጨመር፤ የአንዱ ዙር ስህተት ከሚቀጥለው፣ ከአሥረኛውና ከሺኛው ዙር ስህተት ጋር ምን ያህል እንደተሳሰረ የሚናገር። ለዚህ የሚያስፈልገው መረጃ በእርማት ሙከራዎች ውስጥ ቀድሞውኑ ተሰብስቧል።

ይህን በአማርኛ የምንጽፈው የሩቅ ወሬ ለማውራት አይደለም። የሚሊ ኬልቪን ማቀዝቀዣ ለብዙዎቻችን የማይታሰብ ዕቃ ነው፤ የትውስታ ጥያቄ ግን ይበልጡን የሐሳብና የስሌት ጥያቄ ነው፤ ከላይ የጠቀስናቸው ቲዎረሞችም የተጻፉት ያለ ማቀዝቀዣ ነው። በመለስተኛ ኮምፒዩተር የሚሠራ መጀመሪያ ይኸውላችሁ። 1000 ሯጮች ፍጠሩ፤ የእያንዳንዱ ፍጥነት በአማካይ በየ10 ሰከንዱ በዕጣ ይለወጥ። በመጀመሪያ ያለ ፊሽካ ለ120 ሰከንድ ልቀቋቸውና ከአማካይ ቦታቸው ምን ያህል እንደተበተኑ ለኩ። ቀጥሎ በ60ኛው ሰከንድ አንድ ፊሽካ ንፉ፤ ከዚያ በየ20፣ በየ10፣ በየ2 ሰከንዱ። ፊሽካው መጥቀም የሚጀምረው ከየትኛው ርቀት ላይ እንደሆነ፣ ይህም ርቀት ከ10 ሰከንዱ የትውስታ ዕድሜ ጋር ምን ዝምድና እንዳለው መዝግቡ። በመጨረሻም እያንዳንዱ ፊሽካ ሯጩን በዕጣ እስከ አንድ ሜትር ያስተዋል ብላችሁ ጨምሩበትና ማብዛቱ መጉዳት የሚጀምረው ከስንተኛው ፊሽካ በኋላ እንደሆነ ፈልጉ። ውጤታችሁን ከነግራፉ ብትልኩልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።